ምዕራፍ 7፦ ኮምፒውተሩ ማንን ነው የሚጠብቀው?

አዳማ ውስጥ ከአንድ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ደጃፍ ቆም ብሎ ያዳመጠ ሰው ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ደጋግሞ ይሰማል። አንዱ የደንበኛው ነው፦ «ሲነሳ በጣም ይቆያል።» ሌላው የባለሙያው ነው፦ «ፎርማት ይደረጋል።» ዋጋ ይቆረጣል፣ ኮምፒውተሩ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ ደንበኛው ነገ ከሰዓት ይመለሳል። ቢሾፍቱም፣ ባቱም፣ ሻሸመኔም ያው ነው። መቼ ነው የጀመረው? የሚቆየው የቱ ጋ ደርሶ ነው? ከዚያ በፊት መብራት ጠፍቶበት ነበር? ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ አይጠፋም፤ ግን ወረፋው ሲረዝም ጥያቄው ያጥራል።

ይህ ምዕራፍ በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል መግባት ስለነበረበት ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ የእጅ ስልክን ሰዓት መመልከት ይበቃል።

በምዕራፍ 2 ላይ አንድ ተራ ፕሮሰሰር በሰከንድ ሁለትና ሦስት ቢሊዮን ጊዜ እንደሚመታ አይተናል። እንዲህ ያለ ፍጥረት ለመነሳት አምስት ደቂቃ ሲፈጅ፣ አምስቱንም ደቂቃ ሲለፋ የቆየ ይመስለናል። አብዛኛውን ያሳለፈው ግን ቆሞ ነው፤ ቀጣዩ ፋይል እስኪመጣለት፣ አንድ መሣሪያ «አለሁ» እስኪለው፣ ከኔትወርክ ምላሽ እስኪደርሰው። ስለዚህ «ኮምፒውተሬ ለምን ቀርፋፋ ሆነ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያራምድም። «አሁን ማንን እየጠበቀ ነው?» የሚለው ያራምዳል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አዳማ መነኻሪያ ገብቶ አዲስ አበባ አምስት ሰዓት ላይ የደረሰ መንገደኛ «መኪናው ቀርፋፋ ነው» ቢል የሚያምነው የለም። ርቀቱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪናው ደካማ እንኳ ቢሆን አራት ሰዓት አይፈጅበትም። ነገሩ የሚፈታው ጊዜው የት የት እንደሄደ ሲጠየቅ ነው። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንት ቆመ? ሞጆ ላይ ከደረቅ ወደቡ በሚወጡ ከባድ መኪናዎች መሃል ስንት ቆመ? ቃሊቲ መግቢያ ላይስ? ሞተሩ ይህን ሁሉ ጊዜ እየሠራ ነው፤ መኪናው ግን አይሄድም። ለዚህ መኪና አዲስ ሞተር ቢገዙለት መነኻሪያ ውስጥ የሚቆመው ጊዜ በአንዲት ደቂቃ አይቀንስም። ፕሮሰሰሩ ሞተሩ ነው፤ የእኛ ሥራ መኪናው የቆመበትን ቦታ ማግኘት ነው።

ጉዞውን በሦስት መክፈል

ኮምፒውተር ሲነሳ አንዱ ሥራውን ጨርሶ ለሌላው ያስረክባል። ማብሪያው ሲጫን የመጀመሪያው ተረኛ ባዮስ ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ በተተከለች አንዲት ቺፕ ውስጥ የሚኖር ትንሽ ፕሮግራም። በአዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ዩኢኤፍአይ በሚባል ተተክቷል፤ ሱቅ ውስጥ ግን ሁሉም ባዮስ ነው የሚባለው፣ እኛም እንደዚያው እንላለን። ባዮስ ራሙ አለ ወይ፣ ኪቦርዱ ተሰክቷል ወይ፣ ዲስኩ ይመልሳል ወይ እያለ አባላቱን ይቆጥራል። በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ላይ የአምራቹ ዓርማ ቆሞ ይታያል።

ቆጠራው ሲያልቅ ባዮስ ዲስኩ ላይ ያለውን ዊንዶውስ ፈልጎ ሥራውን ያስረክበዋል። ክብ ሠርተው የሚሽከረከሩት ነጠብጣቦች ብቅ የሚሉት ያኔ ነው። ዊንዶውስ ራሱንና ድራይቨሮቹን ከዲስክ እያነበበ ራም ላይ ይጭናል፤ ድራይቨር ማለት ለእያንዳንዱ መሣሪያ፣ ለድምጹም ለስክሪኑም ለፕሪንተሩም፣ የተጻፈ አስተርጓሚ ፕሮግራም ነው። ይህ ክፍል ፓስወርድ የሚጠይቀው ገጽ ሲመጣ ያበቃል። ሦስተኛው ክፍል ፓስወርዱ ከገባ በኋላ ያለው ነው፦ ዴስክቶፑ ይታያል፣ አይከኖቹ ይደረደራሉ፣ ነገር ግን አንዱን ሲነኩት ኮምፒውተሩ «ስታክ» አድርጎ አይንቀሳቀስም።

አሁን ስልክዎን ያውጡና ሦስቱን ክፍሎች ለየብቻ ይለኩ። ከማብሪያው እስከ ነጠብጣቦቹ፤ ከነጠብጣቦቹ እስከ ፓስወርዱ ገጽ፤ ከፓስወርዱ አንድ ፋይል ያለ ችግር እስኪከፈት። ወረቀት ላይ ይጻፉት። ሱቅ የሚሄዱ እንኳ ቢሆን ይህችን ወረቀት ይዞ የሄደ ደንበኛና «ስሎው ሆነብኝ» ብሎ የሄደ ደንበኛ እኩል አገልግሎት አያገኙም።

ልኬቱን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ኮምፒውተሩ «ሸት ዳውን» ሲባል ሁሉን ነገር ዘግቶ አይጠፋም። የዊንዶውስን ዋና ክፍል እንዳለ ዲስክ ላይ ጽፎ ይጠፋና በማግስቱ ያንኑ መልሶ ያነባል። ፋስት ስታርታፕ ይባላል። «ሪስታርት» ሲባል ግን ሁሉንም ከባዶ ይጀምራል። «አጥፍቼ አበራሁት፣ አልተሻለውም» የሚል ሰው እንግዲህ ትናንት የተበላሸውን ነገር ራሱ አስቀምጦ ራሱ መልሶ አንስቶት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሁለቱም መንገድ ይለኩ።

ይህ ነገር ብዙ ቤት ውስጥ የሚሰማ አንድ እንቆቅልሽም ይፈታል፦ «አንድ ቀን ቶሎ ይነሳል፣ አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ያስቀምጠኛል።» መብራት በድንገት የጠፋበት ኮምፒውተር ዋናውን ክፍል ጽፎ ለማስቀመጥ ፋታ አላገኘም። በማግስቱ ከባዶ ይጀምራል፤ በዚያ ላይ ዲስኩ ላይ የተቋረጠ ነገር ካለ ይመረምራል። የዘገየባቸውን ቀኖች ቆጥረው ከመብራት መጥፋት ጋር ካስተያዩ ሁለቱ ተከታትለው ሊያገኟቸው ይችላሉ።

ዓርማው ላይ ሲቆም

የመጀመሪያው ክፍል ከአሥርና ሃያ ሰከንድ በላይ ከፈጀ ዊንዶውስን ይተዉት። ገና አልተጠራም። ፎርማት ማድረግም ምንም አይፈይድም፤ ፎርማት የሚነካው ዲስክን ነው፣ ባዮስ የሚኖረው ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ይህችን አንዲት ነገር ማወቅ ብቻ የስንቱን ሰው ገንዘብ ታድን ነበር።

እዚህ ላይ ባዮስ የሚጠብቃቸው ጥቂት ናቸው። ከኋላ ተሰክቶ የተረሳ ፍላሽ ወይም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አንዱ ነው፤ ባዮስ «ምናልባት ዊንዶውሱ እዚህ ይሆን?» ብሎ ይፈትሸዋል። ከኪቦርድና ከማውስ በቀር ሁሉንም ነቅሎ መሞከር ነፃ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የትንሿ ባትሪ ነገር ነው። ማዘርቦርዱ ላይ 2032 የሚል ቁጥር የተጻፈባት ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አለች። ቁጥሩ ልኳን ነው የሚናገረው፦ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት። ኮምፒውተሩ በጠፋበት ጊዜ ሰዓቱ እንዳይቆም የምታደርገው እሷ ናት፤ በብዙ አሮጌ ዴስክቶፖች ላይ የባዮስን ምርጫዎችም የምትጠብቀው እሷው ናት። ኮምፒውተሩ ከግድግዳ መብራት እያገኘ ባትሪዋ ብዙም አትነካም። መብራት ለረጅም ሰዓት በሚጠፋበት፣ ሰዉም ማታ ማታ ዲቫይደሩን አጥፍቶ በሚተኛበት ቤት ግን ባትሪዋ ሌሊቱን ሁሉ ትሠራለች፤ ቶሎም ታልቃለች።

ስታልቅ ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ስክሪኑ ላይ «ኤፍ 1ን ይጫኑ» የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ ይመጣል። ባዮስም የተነገረውን ሁሉ ረስቶ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረው ምርጫ ይመለሳል። ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ባዮስ ዊንዶውስን የት የት እንደሚፈልግ የተጻፈለት ተራ አለ፤ በአንዳንድ ማሽን ላይ ያ ተራ ኔትወርክን ከዲስክ ያስቀድማል። መሥሪያ ቤቶች ብዙ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ጊዜ ዊንዶውስ የሚጭኑት በኔትወርክ በኩል ስለሆነ፣ ከቢሮ አገልግሎ የወጣና ቤት የገባ ዴስክቶፕ ይህን ልማድ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቤት ውስጥ የሚመልስለት ሰርቨር የለም። ኮምፒውተሩ ይጣራል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይጣራል፣ ተስፋ ሲቆርጥ ወደ ዲስኩ ይሄዳል። ምልክቱ ጥቁር ስክሪን ላይ በነጭ ፊደል የሚወጣና «ፒኤክስኢ» የሚሉ ፊደላት ያሉበት ጽሑፍ ነው።

መድኃኒቱ አዲስ ባትሪና የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ኤፍ 2ን ወይም «ዲሊት»ን (በአንዳንዱ ኤፍ 10ን) ደጋግሞ በመጫን ባዮስ ውስጥ ተገብቶ ዲስኩ አንደኛ ይደረጋል፣ ሰዓቱ ይስተካከላል፣ ሴቭ ተደርጎ ይወጣል። ቀኑ ሲስተካከል በእኛ አቆጣጠር እንዳይገባ ይጠንቀቁ። በኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት የተሞላ ኮምፒውተር ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ድረ ገጾች የሚያሳዩትን የማንነት ሰነድ ቀን ሲመለከት «ይህ ገና ያልተሰጠ ነው» ብሎ ገጹን አልከፍትም ይላል። ባለቤቱም ኢንተርኔት ተበላሸ ብሎ ሲም ካርድ ይቀይራል።

ነጠብጣቦቹ ሲሽከረከሩ

አብዛኛው የቤት ኮምፒውተር ጊዜውን የሚያጠፋው እዚህ ነው፤ የሚጠብቀውም ሃርድ ዲስኩን ነው።

ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከሩ ሳህኖችና በላያቸው የሚመላለስ ክንድ አሉ። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ዲስክ አይቢኤም በ1956 እ.ኤ.አ. ያወጣው ራማክ ነበር። ሃምሳ ሳህኖች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ሁለት ጫማ ስፋት ነበረው፤ ሁሉም ተደምረው አምስት ሚሊዮን ፊደል ያህል ብቻ ይይዙ ነበር። ዛሬ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ከመዳፍ ያነሰ ሆኗል፣ መቶ ሺህ እጥፍም ይይዛል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። አንድ ፋይል ሲፈለግ ክንዱ ወደ ቦታው መሄድ አለበት፤ ከዚያ ሳህኑ ዞሮ የተፈለገው ነጥብ ከሥሩ እስኪመጣ መጠበቅ አለበት።

በላፕቶፖች የተለመደው ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። በሰከንድ 90 ነው። አንድ ዙር 11 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ናት። የሚፈለገው ነጥብ በአማካይ ግማሽ ዙር ርቆ ስለሚገኝ ጥበቃው 5 ሚሊ ሰከንድ ተኩል ነው። ክንዱ የሚንቀሳቀስበት 10 ያህል ሲጨመር አንድ ቁራጭ ለማምጣት 15 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ሲሰሙት ምንም አይመስልም። ነገር ግን በዚህ ስሌት በሰከንድ የሚመጣው ከ65 ቁራጭ አይበልጥም። ዊንዶውስ ለመነሳት እዚህም እዚያም የተበተኑ 10,000 ቁራጮች ቢያስፈልጉት ሁለት ደቂቃ ተኩል ሄደ ማለት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ያን ሁሉ ጊዜ ከሞላ ጎደል ሥራ ፈትቶ። ዊንዶውስ ይህን ስለሚያውቅ ፋይሎቹን በቅደም ተከተል ለማንበብ ይሞክራል፤ ይረዳል፣ ግን ክንዱን ከመመላለስ አያድነውም።

ወደ ሚኒባሳችን ስንመለስ፣ አሮጌው መንገድ በሞጆ፣ በቢሾፍቱ፣ በዱከምና በገላን መሃል ለመሃል ያልፋል። በየከተማው «ወራጅ አለ!» ይባላል፤ መኪናው ይቆማል፣ አንድ ይወርዳል፣ አንድ ይሳፈራል። እያንዳንዷ ትንሽ ፋይል አንድ ወራጅ ናት። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ አዳማ የሚደርሰው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የፍጥነት መንገድ ደግሞ ከተሞቹን ወደ ጎን ትቷቸው ያልፋል። በዚህ መንገድ ሲሄድ ያው ሚኒባስ በዚያው ሞተር ቀድሞ ይደርሳል። ኤስኤስዲ የሚባለው የዲስክ ዓይነት ይህን ነው የሚያደርገው። የሚሽከረከርም የሚመላለስም ነገር የለውም፤ እንደ ፍላሽ በቺፕ ላይ የተሠራ ነው፣ አንድ ቁራጭ ለማምጣት ከአንድ ሚሊ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ወይም በዚያ አካባቢ ይፈጅበታል። እነዚያው 10,000 ቁራጮች በአንድ ሰከንድ ይመጣሉ። አሥር ዓመት የሞላው ዴስክቶፕ እንኳ ሳታ የሚባለው መሰኪያ ካለው ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ ይቀበላል፤ ለአሮጌ ኮምፒውተር ከሚወጣ ገንዘብ ሁሉ በእኔ ግምት እምብዛም የማያስቆጨው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ግን መለየት ያለበት ነገር አለ። በተፈጥሮው ዘገምተኛ የሆነ ዲስክ ሌላ ነው፤ እየሞተ ያለ ዲስክ ሌላ። የመጀመሪያው ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር። ሁለተኛው ግን ባለፈው ወር ሁለት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው አሁን ስምንት ሆኗል፤ አንዳንዴ ከውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምጽ ይሰማል፤ አንድ የተወሰነ ፎልደር ሲከፈት ሁሉም ነገር ይቆማል።

ከምክንያቶቹ አንዱ ከመብራት ጋር የተያያዘ ነው። ዲስክ መረጃ የሚጽፈው ሴክተር በሚባሉ ቁርጥራጮች ነው፤ አንዱ 512 ወይም 4,096 ፊደል ያህል ይይዛል። ከእያንዳንዱ ጋር ትክክለኛነቱ የሚመረመርበት መለያ ቁጥር አብሮ ይጻፋል። ጽሑፉ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀርና መለያው አይገጥምም። የዘመኑ ዲስኮች ለዚህ ተዘጋጅተዋል፤ መብራት ሲቋረጥ ገና በመሽከርከር ላይ ካለው ሳህን ጉልበት ወስደው ክንዱን ወደ ማረፊያው ይመልሱታል፣ አለበለዚያ ሳህኑ ላይ ወድቆ ይቧጭረው ነበር። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ የድንገት አመላለስ ሲደጋገም ዕቃውን ያስረጀዋል። መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ከ220 ቮልት ከፍ ብሎ የሚገባበት ጊዜ አለ።

አንድ የተበላሸ ሴክተር ሲገጥመው ዲስኩ ወዲያው «አልቻልኩም» አይልም። ደግሞ ይሞክራል፣ ደግሞ ይሞክራል፤ ለአንዲት ሴክተር ብዙ ሰከንድ ሊያጠፋ ይችላል። የዊንዶውስ ፋይል እንደነዚህ ባሉ አሥር ሴክተሮች ላይ ቢያርፍ ነጠብጣቦቹ ለምን እንደሚዞሩ ግልጽ ነው።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ዲስኮች ስለ ራሳቸው ጤና የሚይዙት ስማርት የሚባል መዝገብ አለ፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን የመሰለ ነፃ ፕሮግራም መዝገቡን ያነብልዎታል። ሰማያዊ ከሆነ ደህና፣ ቢጫ ከሆነ ማስጠንቀቂያ፣ ቀይ ከሆነ አደጋ ነው። የሚመለከቱት በተለይ ሁለት መስመሮችን ነው፦ በሌላ የተተኩ ሴክተሮች ብዛትና ገና ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች ብዛት። ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። ቢጫ ወይም ቀይ ካዩ ማንኛውንም ጥገና አቁመው ፎቶዎን፣ የልጆቹን ሰነድ፣ የሥራውን ፋይል ሌላ ቦታ ይገልብጡ። ከዚያ በፊት የዲስክ ምርመራ ማስኬድም ሆነ ፎርማት ማድረግ ደካማውን ዲስክ የባሰ ያደክመዋል።

ከዚሁ መዝገብ ሌላ መስመር፣ በኬብል ላይ የተበላሹ መልእክቶችን የሚቆጥረው፣ ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ ግን ደስ ይበልዎ። ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ኬብል ላልቶ ሊሆን ይችላል። ባጃጅ ላይ ተጭኖ በኮብልስቶን የተመላለሰ ዴስክቶፕ ላይ ይህ ቢገጥም አይገርምም። ከግድግዳው ነቅሎ፣ ኬብሉን አውጥቶ መልሶ አጥብቆ መሰካት ነው።

ስለ መከላከል አንድ ነገር ልበል። ስታቢላይዘር የኤሌክትሪኩን ከፍታና ዝቅታ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ይዞ አያቆይም፤ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ይዞ የሚያቆየው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው፤ አምስት ደቂቃ ቢሰጥም በሥርዓቱ ለማጥፋት ይበቃል። ለዚህ ነው ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ባትሪውን አውጥቶ በቻርጀር ብቻ መጠቀም የማይመከረው። ዩፒኤስ ከሌለ፣ መብራት ሲጠፋ ዲቫይደሩን ማጥፋትና ከመጣ በኋላም ትንሽ ቆይቶ ማብራት።

ፓስወርዱ ከገባ በኋላ

ሁለቱ ክፍሎች ደህና ሆነው ሦስተኛው ከረዘመ ነገሩ ቀላል ነው። ዊንዶውስ ተነስቷል፤ የሚጠብቀው ከሱ ጋር ካልተነሳን የሚሉ ፕሮግራሞችን ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ «ስታርታፕ» የሚለው ገጽ እነማን እንደሆኑ ይዘረዝራቸዋል። ከጎናቸው «ሃይ» የሚል የተጻፈባቸው ሲነሱ ከአንድ ሰከንድ በላይ ፕሮሰሰር ወይም ከ3 ሜጋ ባይት በላይ ዲስክ የሚወስዱት ናቸው። ቴሌግራም፣ ዙም፣ የፊልም ማውረጃው፣ የፕሪንተሩ አጋዥ፤ ሁሉም በየዋህነት ገብተው የሰፈሩ ናቸው። «ዲሴብል» ማለት ፕሮግራሙን አያጠፋውም፤ ሲፈለግ ይከፈታል፣ ሳይጠሩት አይመጣም ብቻ።

ሁለት ነገር አይንኩ። አንደኛው አንቲቫይረሱ ነው፤ ግን ሁለት ከሆኑ አንዱን ያስወግዱ፣ እያንዳንዱን ፋይል ሁለት ጊዜ እየፈተሹ ነውና። ሌላው እንደ ፓወር ግዕዝ ያለው የአማርኛ መጻፊያ ነው። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ የተለመደው ኪቦርድ ይበቃዋል፤ አማርኛ ግን አስተናጋጅ ይፈልጋል፣ በአንድ ቤት ሁለቱም ይጻፋሉ። ፕሮግራሙ የሚወስደው ጊዜም ኢምንት ነው።

በዝርዝሩ ላይ ስም የሌለው ወይም ትርጉም የለሽ ፊደላት የተደረደሩበት ነገር ካዩ ይጠርጥሩ። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ የወጣ ፍላሽ ፎልደሮቹን ሁሉ ወደ ሾርትከት ቀይሮ ሲመለስ ያላየ ተማሪ የለም። ያ ቫይረስ ሾርትከቱ ሲነካ ኮምፒውተሩ ላይ ይገለበጥና ዘወትር አብሮ እንዲነሳ ራሱን ይመዘግባል። ያልተገዛ ዊንዶውስ «እንዲሠራ» የሚያደርጉት ትንንሽ ፕሮግራሞችም አብሮ የሚነሳ እንግዳ ይዘው የመምጣት ልማድ አላቸው።

ዝርዝሩ አጭር ሆኖ ዲስኩ ግን 100 በመቶ ተይዟል የሚል ከሆነ፣ ባለፈው ምዕራፍ ያየነውን የራም ጉዳይ ያስታውሱ። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን ዲስክ ላይ ያሳርፋል፤ ባለ 4 ጊጋ ባይት ኮምፒውተር ላይ ይህ የዘወትር ነገር ነው። ዲስኩ የሚሽከረከር ከሆነ ደግሞ ጥበቃው እጥፍ ድርብ ይሆናል።

ሙቀትና አቧራን ሆን ብዬ ወደዚህ አመጣኋቸው። መተሐራ ላይ ቀን በስምንት ሰዓት ኮምፒውተር የሚጠቀም ሰው ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ሲጮህ ይሰማል፤ ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። ነገር ግን ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረ ኮምፒውተር ጠዋት ቀዝቃዛ ነው። ሲነሳ የሚቆይ፣ ከተነሳ በኋላ ግን ደህና የሚሠራ ከሆነ አቧራ ማስነፋቱ ለጤናው መልካም ነው፤ ለዚህ ችግር ግን አይደለም። መጀመሪያ ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ የሚደክም ከሆነ ግን አዎ፣ እዚያ ይጀምሩ።

ፎርማት ሲባል

ፎርማት አንዳንዴ ይሠራል፤ ስሙን ያገኘውም በዚህ ነው። ሦስተኛው ክፍል ላይ ለሚገኝ ችግር፣ በተለይ ቫይረስ ሥር ከሰደደ፣ ትክክለኛ ሕክምና ነው። ሁለተኛው ክፍል ላይ ለሚገኝ ግን የሚያታልል ነው። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ጥቂት ፋይል ስላለው ለሁለት ሳምንት ይፈጥናል፣ አንዳንዴም ከተበላሹት ሴክተሮች ርቆ ያርፋል። ከዚያ እየሞተ ያለው ዲስክ ያው ሞቱን ይቀጥላል፤ አሁን ደግሞ የቤተሰቡ ፎቶ የለም። ለመጀመሪያው ክፍል ምንም እንደማይጠቅም አይተናል።

ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ስላበቃ «በዚያው 11 እንጫንልዎት» የሚል ግብዣም መምጣቱ አይቀርም። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ከጫኑት ደግሞ ዛሬ የሚያማርሩትን ይናፍቁታል።

ኤስኤስዲ ለማስገባት ከተስማሙ፣ አሮጌው ዲስክ ጤነኛ ከሆነ ሙሉው እንዳለ ሊገለበጥ እንደሚችል ይጠይቁ፤ ከታመመ ግን ፋይሎቹን ብቻ አውጥቶ ዊንዶውስን አዲስ መጫን ይሻላል፣ በሽታውን አብሮ አለመገልበጥ ነውና። አሮጌውን ዲስክ ተቀብለው ይውጡ። በፍጥነት ፎርማት የተደረገ ዲስክ የሚጠፋበት ማውጫው ብቻ ነው፤ ፋይሎቹ ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው እዚያው ናቸው፣ በነፃ ፕሮግራምም ይወጣሉ። ስማርቱ ሰማያዊ ከሆነ በትንሽ የሃርድ ዲስክ ኬዝ አስገብተው በዩኤስቢ ይሰኩትና ለመጠባበቂያ ይጠቀሙበት። ቀይ ከሆነ ምንም አዲስ ነገር አይጻፉበት።